የጠጠር ሰፈር ሐዲድ

በ2091 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆመ ባቡር አይቻለሁ የሚል ሰው ማግኘት ይቸግር ነበር። ጎዳናው ሁሉ ሐዲድ ነው፤ በሐዲዱ ላይ ፉርጎዎች ያለ ሹፌርና ያለ ፌርማታ ይዞራሉ። ተሳፋሪው ፉርጎው እየሄደ ይሳፈራል፣ እየሄደ ይወርዳል። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ለምደውታል። አንድ እጅ መያዣው ላይ፣ አንድ እጅ ነጠላው ላይ አድርጎ እርምጃን ከመሬቱ ጋር ማስማማት ነው። የወደቀ ካለ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ ነው፤ ይነሳና አቧራውን አራግፎ እንዳልወደቀ ሰው ይሄዳል።

ባቡሩ የማይቆመው አንዱ ከቆመ ከኋላው ያለው ስለሚቆም፣ እሱ ከቆመም ሌላው ስለሚቆም፣ በመጨረሻም ከተማው በሙሉ ሥራ ስለሚያረፍድ ነው። የቤቶቹ በር በቀጥታ ወደ ሐዲዱ ስለሚከፈት ሰው ከማዶ ጎረቤቱ ጋር የሚጨዋወተው በሁለት ፉርጎ መካከል ነው። «እንዴት አደርሽ» ይላል አንዱ፤ ፉርጎ ያልፋል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» ትላለች ሌላዋ፤ ሌላ ፉርጎ ያልፋል። የልጆቹን፣ የእናትየውን፣ የታመመውን የአጎት ልጅ ደኅንነት ጠይቆ ለመጨረስ ግማሽ ጠዋት ይፈጃል። እንዲያም ሆኖ ሰላምታውን ላሳጥር ያለ ሰው አልተገኘም።

ለቅሶው ግን አጥሯል። ድንኳን የሚተከልበት ጎዳና ስለሌለ ሰው የሞተበት ቤተሰብ በክፍለ ከተማው የስንብት አዳራሽ አርባ ደቂቃ ይሰጠዋል። ሰዓቱ ሲሞላ የአዳራሹ መብራት ቀስ እያለ ይደምቃል። በሩ ላይ ተረኛው ቤተሰብ ጥቁር ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ሰው ጨዋ ነውና እንባውን ጠርጎ ለተረኛው ይለቃል።

ሔራን የተሸካሚ ነዳፊ ናት። ሐዲዱን ሁሉም ሰው ያየዋል። ከሐዲዱ ሥር ተጋድሞ ክብደቱን ለመሬት የሚያስረክበውን ተሸካሚ ግን ማንም ልብ አይለውም፤ እሷ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ የምትነድፈው እሱን ነው። የነደፈችው ተሸካሚ አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም። ይህን ደግሞ ሳትጠየቅ የምትናገር፣ ሰርግ ቤት ሳይቀር የምትናገር ሴት ናት። ወሬዋ ቢሰለችም ቃሏን የሚጠራጠር ባልደረባ አልነበራትም።

አንድ ቀን አለቃዋ ኪሩቤል ቢሮው አስጠራት።

«ጠጠር ሰፈርን ታውቂዋለሽ?» አላት።

ታውቀዋለች። በከተማው ውስጥ ሐዲዱ አሁንም ጠጠር ላይ የተቀመጠ የመጨረሻው ሰፈር ነው፤ ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። ሌላው ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ደህና ሲውል የጠጠር ሰፈር ሐዲድ በየጊዜው ይሰምጣል። በሰመጠ ቁጥር የሐዲድ ጠጋኞቹ እስኪያነሱት ድረስ ሦስት ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ ፉርጎዎቹም በጓሮው መንገድ ይዞራሉ።

«እስከ ዛሬ ዝናቡ ነው ስንል ኖረናል» አለ ኪሩቤል። «ባለፈው ወር ግን ሐዲዱ ሥር ዲጂኖ ተገኘ። የሌባ ይሁን የእብድ አይታወቅም። በአርማታ ሙልት አድርጊውና ገላግይኝ።»

«መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ልወቅ።»

«በአርማታ ከሞላሽው በኋላ የፈለገውን ቢፈልግ ምን ቸገረሽ?»

«ለምን እንደሚሰምጥ በማላውቀው ቦታ ላይ ተሸካሚ አላስቀምጥም» አለችና ወጣች።

ጠጠር ሰፈር ስትደርስ ረፋድ ላይ ነበር። በሁለት ፉርጎ መካከል ጎንበስ እያለች፣ ፉርጎ ሲመጣ ወደ ግድግዳው እየተጠጋች መረመረችው። መሬቱ ጠንካራ ነው፤ የሚሰምጥበት ምክንያት የለውም። የብሎኖቹ ጭንቅላት ግን በመፍቻ ብዛት ጥግ ጥጉ ተልጧል። ቀና ስትል አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው ያዩዋታል። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ጋሽ ሮቤል ነበሩ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሏት።

«ይህን ብሎን የሚፈታው ማን ነው?»

ፉርጎ መጣ። ፊታቸው ከፉርጎው ኋላ ተሰወረ። አሁን ገብተው በሩን ይዘጋሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ፉርጎው ሲያልፍ ግን እዚያው ቆመዋል።

«ሰው ሲሞትብን እኔ ነኝ የምፈታው» አሉ። «ነይ ግቢ፤ እዚያ ቆመሽ አያልቅም።»

የሰፈሩ ሥራ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት ወንዶቹ መፍቻና ዲጂኖ ይዘው ይወጣሉ። ብሎኑን ያላላሉ፣ ከተሸካሚው ሥር ጠጠሩን ይዝቃሉ። ሐዲዱ መስመጡን ራሱ ያስታውቃል፣ ፉርጎዎቹም ወደ ጓሮው መንገድ ይታጠፋሉ። ያን ጊዜ ድንኳኑ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ይተከልና ሰፈሩ እንደ ጥንቱ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ጠጋኞቹም ያውቃሉ። የሚመጡት በሦስተኛው ቀን ነው፤ መጥተውም ንፍሮ ዘግነው፣ «ነፍስ ይማር» ብለው ነው ጠጠር መሙላት የሚጀምሩት። ነገሩ ለዓመታት እንዲህ ሲሄድ ኖሮ ማንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ታዲያ ዲጂኖው እንዴት ተረሳ?» አለች ሔራን።

ጋሽ ሮቤል መሬት መሬት አዩ። «እሱን የነገሩ ባለቤት ራሷ ትንገርሽ» ብለው ወደ ጎረቤት ወሰዷት።

የነገሩ ባለቤት እትዬ ቤዛዊት ናቸው። በጉልምስናቸው ዘመን ፀጉር ቤት ነበራቸው፤ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሹሩባ የሠሩ ሴት ናቸው። አሁን ከአልጋ የማይርቁ ሆነዋል፤ አፋቸው ግን ደህና ነው።

«ልብስ ላጥብ ብዬ የጤና አምባሬን ከእጄ አወለቅኩት» ብለው ጀመሩ። «አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ አምባሩን ሳፋው ውስጥ ትቼ እህቴን ልጠይቅ ቢሾፍቱ ሄድኩ። አምባሩ ትርታ ሲያጣ ሞታለች ብሎ ለጤና ጣቢያ ነገረ። ጤና ጣቢያው ለዕድሩ። እነዚህ ደግሞ ቤቴ ተዘግቶ ሲያገኙት ሬሳዋን ወስደዋታል ብለው ሐዲዱን ፈቱ።»

«ምን እናድርግ ታዲያ፣ መርዶ ነው የመጣልን» አሉ ጋሽ ሮቤል።

«በማግስቱ ስመለስ ሰፈሬ ድንኳን ተተክሏል። ነጠላዬን ዘቅዝቄ እያለቀስኩ ገባሁ።»

«ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ?»

እትዬ ቤዛዊት ሔራንን አሳዳጊ የበደላት ልጅ አድርገው አዩዋት። «ለቅሶ ቤት እኮ ነው። ማን ሞተ ተብሎ ይገባል? መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ከዚያ ይጠየቃል። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ጎረቤቴ ሜሮን አጠገብ ተቀምጬ አብሬያት በደንብ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ጠጋ ብዬ ‹ሜሪዬ፣ ለመሆኑ የሞተብን ማን ነው?› አልኳት። እሷ ተዝለፍልፋ ወደቀች።»

በዚያ ጩኸትና ሳቅ መካከል ድንኳኑ ተነቀለ፣ ዲጂኖው ግን ሐዲዱ ሥር ተረስቶ ቀረ። ሔራንም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። የፈቷቸውን ብሎኖች በዓይኗ አይታለች።

«ምልክቱ ለፉርጎው ሳይደርሰው ቢቀርስ?» አለች። «ሃምሳ ሰው እንደጫነ እዚህ አልጋ ላይ ነው የሚወጣው።»

«ስንፈታ ፉርጎው በሚመጣበት በኩል ሁለት ሰው እናቆማለን» አሉ ጋሽ ሮቤል።

«ሁለት ሰው ፉርጎ አያቆምም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ይህን ሳያስቡት የኖሩ አይመስሉም። ደጋግመው አስበውት፣ ፈርተውት፣ ሰው ሲሞት ግን ያው መፍቻቸውን ይዘው የወጡ ሰው ይመስሉ ነበር።

እትዬ ቤዛዊት የሔራንን እጅ ያዙ። «‹ልቧ ደክሟል፣ ይህን ክረምት አታልፍም› ብለዋል ሐኪሞቹ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ለአምባሬ ነው የነገሩት፣ እሱ ደግሞ አይደብቀኝም። ያኛውን ለቅሶዬን በስህተት አየሁት። አያምርም አልልሽም፣ በጣም ያምራል። የእውነቱ ሲመጣ ግን በአርባ ደቂቃ እንዳታስወጡኝ።»

ሔራን ምንም ቃል ሳትሰጥ ወጣች። የራሷን አባት የሸኘችው በአዳራሹ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በሰዓቱ መሆኑን አድንቃ ለባልደረቦቿ ተናግራለች። አሁን በፉርጎው ውስጥ ቆማ ስታስበው አባቷን በወጉ እንዳላለቀሰችለት ገባት፤ ከፋትም። ከሥራ ጋር በተያያዘ ነገር ከፍቷት አያውቅም ነበርና ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

ንድፉን የሠራችው በዚያ ሳምንት ነው። መንገዱን በሙሉ በአርማታ ሞላችው፤ ከእንግዲህ በመፍቻም ሆነ በዲጂኖ የሚሰምጥ ነገር የለም። በእትዬ ቤዛዊት በር ትክክል ግን አንድ የሚወጣ ተሸካሚ አኖረች። ቁልፉ ሲዞር መጀመሪያ ፉርጎዎቹን ወደ ጓሮው መንገድ ያጥፋል፤ እነሱ ታጥፈው ካላለቁ በቀር ተሸካሚው ንቅንቅ አይልም። ተመልሶ ሲገባ በሲሚንቶ ይታሰራል። ለሲሚንቶው ሁለት ምርጫ ነበራት። አንዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርቅ ነው፣ ሌላው ሦስት ቀን የሚፈጅ። የሦስት ቀኑን መረጠች።

ንድፉን የሚያጸድቀው መርማሪው ነው፤ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ ቶሎ ይመልሳል። ተሸካሚው ለምን ይወጣል ሲል ጠየቀ። ከሥሩ የውሃ ቧንቧ አለ፣ እየተከፈተ መታየት አለበት አለች፤ እውነት ነው። ለምን ዘገምተኛው ሲሚንቶ? ቶሎ የሚደርቀው ቶሎ ይሰነጠቃል አለች፤ ይህም ሲጨቃጨቁበት የሚያከራክር ቢሆንም ውሸት አይደለም። መርማሪው አጸደቀው። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ የፉርጎዎቹ ሰዓት ቀድሞ እንዲስተካከል መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ከሰባት ቀን በፊት ይመዝገብ።

ሔራን ይህን ይዛ ሄደች። ጋሽ ሮቤል አርማታውን በከዘራቸው ነካ ነካ እያደረጉ ሰሟት።

«ሰባት ቀን?» አሉ። «ሰው ሊሞት ሰባት ቀን ሲቀረው ለዕድሩ ያስታውቃል እንዴ?»

«ከዚህ በላይ ማድረግ አልቻልኩም፣ አባባ።»

«አንቺ ምን ታደርጊ። ለሬሳ ቀጠሮ እንዲያዝ ያደረጉት እነሱ ናቸው።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እትዬ ቤዛዊት ከአልጋቸው ሰሙ። «እኔን የሚጠይቀኝ የለም?» አሉ። ሁለቱም ገቡ። ከባለፈው ይልቅ ከስተዋል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የሚመጣው ሐሙስ አድርጉት።»

«ቤዛ፣ በቁምሽ ድንኳን አልተክልብሽም» አሉ ጋሽ ሮቤል።

«አንዴ ተክላችሁብኛል፤ ለምጄዋለሁ። ልጄ፣ ሐሙስ ብለሽ መዝግቢ። እኔም እስከዚያ እንደምንም ለማለቅ እሞክራለሁ።»

ጋሽ ሮቤል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሔራን መዘገበች። ቀኑን ሁለት ጊዜ አርማ ጻፈችው።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ፉርጎዎቹ ታጠፉና ሰፈሩ ጸጥ አለ። ዝምታው ሰዎቹን አስደነገጣቸው፤ ማዶ ለማዶ ሆነው እንደ ልማዳቸው ፉርጎው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፣ የሚያልፍ የለም። ጠጋኞቹ ተሸካሚውን አውጥተው ቧንቧውን አዩ፣ መልሰው በሲሚንቶ አሰሩት። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ አዲስ ንድፍ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚታመነው በነዳፊው ቃል ነው፤ መርማሪው ስለማያውቀው ነገር አይናገርም። ስለዚህ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሔራን እዚያው እየዋለች በየጠዋቱ ነክታ፣ «ደርቋል» ወይም «አልደረቀም» ብላ ማሳወቅ አለባት። ውሸት ተናግራ ብትገኝ የሙያ ፈቃዷን ታጣለች።

ድንኳኑ ተተከለ። እትዬ ቤዛዊት ግን አልሞቱም።

«ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እኔ ለብቻዬ ቤት ልተኛ?» ስላሉ ከነአልጋቸው ተወሰዱ። መጀመሪያ ሰዉ ግራ ገባው። ማልቀስ አይቻልም፣ መሳቅም ነውር ነው። ገቢው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላቸውና ለማን እንዳለው ሲገባው ያፍራል። ከሰዓት ላይ ወንዶቹ ካርታ መጫወት ጀመሩ። ሴቶቹ ስለ እትዬ ቤዛዊት ደግነት ሲያወሩ እሳቸው ከአልጋቸው ያርሟቸዋል፤ «አይ፣ ያኔ እንኳ ተቀይሜሽ ነበር» ይላሉ። ንፍሮ ቀረበላቸውና ሁለት ፍሬ ቀመሱ። ዓርብም፣ ቅዳሜም እንዲሁ አለፈ። ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ፤ ንግግራቸው ቀነሰ። ሔራን ሲሚንቶው ዳር ከመቀመጥ ይልቅ ከእግራቸው ሥር መቀመጥ አበዛች።

እሑድ ጠዋት ሲሚንቶውን ነካችው። በጥፍሯ ጫረችው፣ በመዶሻ መታችው፤ ጠንክሯል። በንድፏ እንዳለችው በሦስት ቀን ደርቋል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባላት፣ ለሰውም ባወራች ነበር።

ወደ ድንኳኑ ዞር አለች። ጋሽ ሮቤል የድንኳኑን ገመድ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ይፈቱት እንደሆነ ሊጠይቋት እያዩዋት ነው። ከኋላቸው እትዬ ቤዛዊት ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ደረታቸው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አልደረቀም» ብላ አሳወቀች። ለጋሽ ሮቤልም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ገመዱን ይተዉት፣ አባባ። ሲሚንቶው ገና ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ሲሚንቶው መጡና በከዘራቸው ጫፍ ቆረቆሩት። ድምፁ ለሁለቱም ተሰማ። «አዎ፣ እርጥብ ነው» አሉና ተመለሱ።

ሰኞም አልደረቀም። ማክሰኞ ኪሩቤል ደወለ። የጓሮው መንገድ ተጨናንቋል፣ የበላይ አለቆች ይጠይቃሉ፣ መርማሪው የሔራንን ስም በቀይ አድርጎታል። «አንቺ የነደፍሽው ሲሚንቶ ነው» አላት። «ወይ ንድፍሽ ስህተት ነው፣ ወይ ቃልሽ። የትኛው ቢሆን ይሻልሻል?» ንድፉ ስህተት ነው ለማለት አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። «ገና ነው» ብቻ ብላ ዘጋችው። ቀኑን ሙሉ ስለ ፈቃዷ ስታስብ ዋለች፤ ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀው አልነበራትም፣ ፈራችም።

ረቡዕ ማለዳ ወደ ሰፈሩ ስትገባ ጋሽ ሮቤል ሐዲዱ መካከል ቆመው ጠበቋት። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እትዬ ቤዛዊት ጎህ ሲቀድ አርፈዋል።

ሔራን እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። ደረቅ ነበር፣ ቀዝቃዛ ነበር። እንዲያው እንደያዘችው ስልኳ ጠራ።

«ሔራን» አለ ኪሩቤል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ድምፁ ያስታውቃል። «አለቆቹ አጠገቤ ናቸው። አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ሲሚንቶው መቼ ነው የሚደርቀው?»

ከድንኳኑ ውስጥ የመጀመሪያው ለቅሶ ተሰማ፤ የእትዬ ሜሮን ድምፅ ነበር። ከግራና ከቀኝ በሮች ተከፈቱ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን ይፈልጋል» አለችው።